የሩቅ ጆንያ፣ የሩቅ አማች

ጵርስቅላ ወንዳፈረውን መጀመሪያ ያወቀችው በጀርባው ነው። ፊቱን ሳታይ ድምፁን ሰማች፤ ስሙን ሳትጠይቅ ሰደበችው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ሆሳዕና የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ነው። አባቷ አቶ ሽብሩ የወንጌል አማኞች ሽማግሌና የቃጫ ነጋዴ ነበሩ። እናቷ ወይዘሮ ብርቅዬ ደግሞ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስበው ከቤታቸው ጓሮ እንሰት ያስፍቁ ነበር። ከእንሰቱ ቆጮው ለመሶብ፣ ቃጫው ለገበያ ይወጣል። ሴቶቹ የሚፍቁት ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አንድ እግራቸውን ሳንቃው ላይ ሰቅለው ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ወንድ የሚባል በጓሮው ድርሽ አይልም። ባልም ቢሆን፣ ወንጌላዊም ቢሆን፣ የአውራጃው ገዥም ቢሆን።

ይህን ማንም ያልነገረው አንድ ጎልማሳ ታዲያ አንድ ጠዋት ክራባቱን እንዳሰረ በእንሰቱ መሃል ብቅ አለ።

ሴቶቹ ኡኡ አሉ። ከሁሉም በላይ የጮኸችው ጵርስቅላ ናት።

«አንተ! ዓይንህ ይጥፋ! ፊትህን አዙር!»

ፊቱን ሲያዞር እጇ ላይ የነበረውን ፍቅፋቂ ወረወረችበት፤ ኮቱን ከጀርባው አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። ይኼኛው ግን ፊቱን እንዳዞረ እዚያው ተገትሮ ቀረ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አላወቅሁም» አለ ፊት ለፊቱ ላለው እንሰት። «ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት። ስለ ቃጫ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር።»

«በጀርባህ ነው የምትጠይቀው?» አለች ጵርስቅላ።

«ካልከለከላችሁኝ።»

ወይዘሮ ብርቅዬ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይጠይቅ እንግዲህ፤ ያጠፋው ዓይኑ ነው፣ ጆሮው ምን አደረገን?» አሉ።

ጠየቀ። የትኛው እንሰት ጠንካራ ቃጫ ይሰጣል፣ ዝናብ ሲመታው ምን ይሆናል፣ ወፍራም ክር ይወጣዋል ወይ። ጵርስቅላ የሚስዮን ትምህርት ቤት ገብታ ስለነበር አማርኛው ይቀናታል፤ የምትመልስለት እሷ ሆነች። ፀሐይ ጀርባው ላይ ያለውን ፍቅፋቂ እያደረቀችው፣ እሱ አንዴም ዘወር አላለም። ይህን ጵርስቅላ ልብ ብላ አየችው።

የመጣበት ጉዳይ ይህ ነበር። አቶ ኃይለመለኮት የሚባሉ የአዲስ አበባ ባለጸጋ ቡናና ባቄላ ወደ ውጭ ይልካሉ፤ የሚልኩበትን ጆንያ ደግሞ ከህንድ አገር ያስመጣሉ። አሁን ጆንያውን እዚሁ ከቃጫ የሚሠራ ፋብሪካ ሆሳዕና ላይ ስለመትከል አሰቡ። ከማስመጣትና ከመሥራት የቱ እንደሚሻል አጥንቶ እንዲነግራቸው ወንዳፈረውን ላኩት።

በገበያ ቀን ጵርስቅላ ከባለሱቁ ከአህመድ ደጅ ላይ በጨው ዋጋ ስትከራከር ወንዳፈረው ድምፅዋን ለየው። ቀረብ ብሎ እጅ ነሳ። ሰውየው ቀጠን ያለ፣ ዓይነ ትልቅ ነው። ጵርስቅላ ክራባቱን አይታ አፈረችና፣ «እንደምን ዋሉ?» አለችው።

«ጀርባዬን አንተ ብለሽ ፊቴን እርስዎ ትያለሽ?»

ሳቀች። ጨውዋን ሳትወስድ ወደ ቤቷ መሄዷን ያወቀችው መንገድ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ ስለ ጆንያ አዋቂ ሆነ። አቶ ሽብሩ በየተገኙበት፣ «የደጃችንን ቃጫ ጥለን ባሕር ማዶ ምን አስኬደን?» ይላሉ። ባለሱቁ አህመድ ደግሞ፣ «አባባ፣ የለበሱት ኮት እኮ የጣሊያን አገር ነው» ብሎ ያሾፍባቸዋል። አቶ ሽብሩ ኮታቸውን ቆልፈው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ወንዳፈረው በቃጫው ሰበብ መምጣቱን አላቋረጠም። ሸማኔዎች ፈልጎ ለሙከራ የሚሆኑ ጆንያዎች አሠራ፤ ክሩን የምትፈትለው ጵርስቅላ ነበረች። አጥር ተደግፈው ብዙ ሰዓት ይቆማሉ፣ ጥቂት ይነጋገራሉ። የሚያወሩት ስለ ክር ነው። ጵርስቅላ ግን ማታ ማታ የምታስታውሰው የተናገረውን ሳይሆን ዝም ያለበትን ጊዜ ነበር። ወደደችው፤ እሱም ወደዳት፤ ይህንም ከሁለቱ በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌ ላከ። በእምነት አንድ ስለነበሩ በዚያ በኩል ነገር አልተነሳም። አቶ ሽብሩ ግን ወንዳፈረውን ራሱን አስጠርተው ሐሳባቸውን አልሸሸጉትም።

«ልጄን ለሩቅ ሰው አልሰጥም። ፋብሪካው ከተተከለ እዚህ ትኖራለህ፣ ያኔ የቤቴ ልጅ ነህ። ካልተተከለ ግን መንገድህ ወደ አዲስ አበባ ነው። እዚሁ ቅርብ ያለው የጃጁራው መምህር ጠናም ሽማግሌ ልኳል።»

የሙከራው ጆንያ ባቄላ ተሞልቶ፣ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ደርሶ ተመለሰ። ወንዳፈረው በዚያው ሰሞን አጥሩ ጋ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል።

«ጥንካሬስ አለው» አለ። «ግን ዋጋው ከህንዱ በጣም ይወደዳል። ቢተከልም ብዙ ሳይቆይ የሚዘጋ ይመስለኛል።»

ጵርስቅላ የአጥሩን እንጨት ያዘች።

«ጌታዬ አቶ ኃይለመለኮት የሚያምኑት እኔን ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይተከል ካልኳቸው ይተክሉታል።»

በል፣ ይተከል በላቸው፣ አላት ልቧ፤ አፏም ሊከተለው ምንም አልቀረው። ከጀርባዋ ግን የእናቷ ጓሮ ነበር። ለጋ ለጋው እንሰት እስከ ወገቧ ደርሷል፤ ለመፋቅ ገና ዓመታት ይቀሩታል።

«ፋብሪካ መጣ ሲባል ሴቶቹ ለቃጫው ብለው ይህን ሁሉ ይነቅሉታል» አለች። «ከተዘጋ ምን ይበላሉ?»

ወንዳፈረው በአጥሩ ላይ ወደ ለጋው እንሰት ተመለከተ።

«እውነቱን ንገራቸው» አለችው።

«ያልሽው ገብቶሻል? አባትሽ እኮ ቃላቸውን አያጥፉም።»

«ገብቶኛል» አለች። እሱ ከሄደ በኋላ ክር ልትፈትል ተቀመጠችና ስታለቅስ ዋለች።

አቶ ኃይለመለኮት ሲወስኑ ወሬው ለሴቶቹ በሰው ሊደርሳቸው ይችል ነበር። ወንዳፈረው ግን ራሱ ይዞት መጣ። ሴቶቹ ሥራ ላይ ሳሉ ከእንሰቱ ጥግ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ያንኑ ቦታውን ያዘ።

«ፋብሪካው አይተከልም» አለ። «ጆንያው ከህንድ ይመጣል። ይህ ይሻላል ብዬ ለጌታዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ብዬ ነው።»

የመፋቂያው ድምፅ ቆመ። ጎረቤታቸው አስካለች ልጆቿን በፋብሪካው ደመወዝ ልታስተምር ያሰበች ሴት ነበረች።

«ያን ዕለት ድንጋይ መወርወር ነበረብን!» አለች። «ስንለፈልፍለት ከርሞ ጉድጓዳችንን ቆፈረልን! ሂድ፣ የበላኸው አይስማማህ!»

ሌሎቹም ተከተሉ። ወንዳፈረው ራሱን ደፍቶ ሰማቸው። የጵርስቅላን ስም አላነሳም። ዝም ካለች ስድቡን ሁሉ ተሸክሞላት እንደሚሄድ ጵርስቅላ ተረዳች። የእነዚህ ሴቶች ፊት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የምታየው ፊት ነው። ፈራች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሁሉም ወደሷ ዞሩ።

«እውነቱን ንገራቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ፋብሪካው እንደሚዘጋ ነግሮኝ ነበር። ለጋውን ነቅለን ባዶ ጓሮ ታቅፈን ልንቀር ነበር። ይተከል ብሎ ቢዋሽ እኮ እኔን ያገኝ ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔም እሱን አገኝ ነበር።»

አስካለች አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ ብርቅዬ ለጋውን እንሰት ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያም መፋቂያቸውን አስቀመጡ፣ እግራቸውን ከሳንቃው አወረዱ፣ ቀሚሳቸውን ለቀቁ። ሌሎቹም እያዩአቸው አንድ በአንድ እንዲሁ አደረጉ፤ አስካለችም በመጨረሻ።

«ልጄ፣ ፊትህን መልስ» አሉ ወይዘሮ ብርቅዬ።

በዚያ ጓሮ እንዲህ የተባለ ወንድ ከዚያ በፊት አልነበረም። ወንዳፈረው ቀስ ብሎ ዞረ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ያየው ጵርስቅላን ብቻ ነው፤ እሷም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ዓይኑን ሳትሸሽ አየችው።

አቶ ሽብሩ ጩኸቱን ሰምተው መጥተው ነበር፤ እሳቸውም ቢሆኑ ግን ከአጥሩ ወዲያ ፊታቸውን አዙረው ቆመዋል።

«ሰሙ?» አሏቸው ወይዘሮ ብርቅዬ።

«ሰማሁ።»

«እንግዲህ ለመምህር ጠና ሽማግሌዎች ምን ሊሏቸው ነው? ልጃችንን ለሩቅ ሰው ሰጠን ሊሏቸው ነው?»

ከአጥሩ ወዲያ አቶ ሽብሩ የኮታቸውን ቁልፍ ከፍተው መልሰው ቆለፉ።

«ይህም ኮት ከሩቅ ነው የመጣው» አሉ አቶ ሽብሩ። «እስከ ዛሬ አልተቀደደም።»