የእመቤት አውራ ጣት

እመቤት ዱባይ አጠገብ ዓጅማን ውስጥ ከስድስተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቃ ሞተች። ከስልኳ ለእህቷ ለፀዳለ «ሲሞን ከዳኝ፤ ልሞት ነው» የሚል መልእክት ደርሶ ስለነበር፣ ራሷን አጠፋች ተባለና ኸላስ፣ ነገሩ ተዘጋ። ለፀዳለ ግን አልተዋጠላትም። ራሱን ላጠፋ ፍትሃት የለም፤ አገር ቤት እናታቸው ቄሱን እየለመኑ ነው።

ፀዳለ ዱባይ ባንክ ውስጥ የኢንተርኔት ሌቦችን እያሳደደች የምትይዘውን ዓለምወርቅን እግሯ ላይ ወድቃ አመጣቻት። ዓለምወርቅ ምላሷ መራራ ነው፤ ዓይኗ ግን አይስትም። የሟችን ስልክ በሙያዋ ከፍታ የሲሞንን መልእክቶች ስታነብ ዋለች። ካናዳ ያለሁ እጮኛሽ ነኝ ባይ፣ ፊቱን አንድ ቀን እንኳ አላሳየም።

«አንዲት ፍሉስ፣ አንዲት ሳንቲም አልጠየቃትም» አለች። «ያስለቅሳታል፣ ይታረቃታል፣ ደግሞ ያስለቅሳታል። ይሄ የሚፈልገው ዕንባ ነው። ዕንባ ደግሞ ከካናዳ አይታይም።»

ሁሉንም ሟች ትተኛበት የነበረው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ቤድ ስፔሱን፣ ክፍሉን በአልጋ በአልጋ የሚያከራየውን ቶማስንና ከእመቤት በላይ ባለው አልጋ የምትተኛውን የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ኤልዳናን።

«ቶማስ፣ ስትወድቅ የት ነበርክ?»

«ሹግል ላይ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ዋላሂ! ኤልዳና ናት የደወለችልኝ።»

«ለእኔም እሷ ናት» አለች ፀዳለ። «በእመቤት ስልክ።»

«እንዴት ከፈትሽው?» አለች ዓለምወርቅ።

ኤልዳና የሆቴሏን ፈገግታ ፈገግ አለች። «ሮጬ ወርጄ የሬሳውን አውራ ጣት አስነካሁት። ምን ላድርግ፣ እትዬ?»

«ውሸታም!» ፀዳለ ተነሳች። «በጽዳት ሥራዋ የአል ዋርቃን ቪላ ሁሉ ስትፈትግ ጣቷን የክሎሮክስ በረኪና ጨርሶታል! ለመታወቂያ እንኳ አሻራ እምቢ ብሏታል!»

«እንግዲህ በቁጥር ነው የተከፈተው» አለች ዓለምወርቅ። «እመቤት ቁጥሩን በሞተችበት ዕለት ጠዋት ቀይራ፣ ‹ካንተ በቀር ማንም አያውቀውም› ብላ ለሲሞን ላከችለት። በይ ሲሞን፣ ንገሪን።»

የኤልዳና ፈገግታ አልጠፋም።

«ቀኑን ሙሉ እንግዳ ሲሰድበኝ ፈገግ እላለሁ። ቤት ስገባ እሷ ትስቃለች። አንድ ቃል ስልክላት ግን አልጋው ከታች በለቅሶ ይንቀጠቀጣል። ደስ ይለኝ ነበር። ሙቺም ብያታለሁ፤ እምቢ አለች። ያን ቀን በረንዳው ላይ አጠገቤ ቆማ ድንገት ሲሞን ጋ ደወለች። የሲሞን ስልክ እኔ እጅ ላይ ጮኸ። ገፋኋት፤ ከእጇ የወደቀውን ስልኳን በላከችልኝ ቁጥር ከፍቼ መልእክቱንም ጻፍኩ።»

ቶማስ አማትቦ በሩን ቆለፈና ፖሊስ ጠራ። ፀዳለ አገር ቤት ደወለች።

«እማዬ! እልል በይ! ራሷን አላጠፋችም፤ ገድለዋት ነው!»

እናትየው እልል አሉ።