ፊታቸውን ወደ ቂብላ ያዞረው ማን ነው?

ሐጂ አብዲራህማን በድሬ፣ በደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ በቀኝ ጎናቸው ተጋድመዋል። ደረታቸው በጩቤ ተወግቷል፤ ዓይናቸው ግን ተከድኗል፣ ፎጣቸውም ፊታቸው ላይ ተዘርግቷል። መርማሪው መቶ አለቃ ገብረወልድ ጎንበስ ብሎ ፎጣውን ገለጠ። ፊታቸው ወደ ሰሜን፣ እስላም ወደሚሰግድበት ወደ ቂብላ ዞሯል።

«ማን ነካቸው?»

«ማንም» አለች ትርንጎ። «ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ዘበኛ እስኪመጣ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።»

የትርንጎ ባል የባቡር ሠራተኛ ነው። ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ጣቢያ በታጣቂዎች እጅ ከወደቀ ቀናት አልፈዋል። ሐጂ ሰዎቹን ለማስለቀቅ ማለዳ በባቡር ጣቢያው ስልክ ከታጣቂዎቹ ጋር ተነጋግረዋል።

«ሲጨርሱ መጀመሪያ ወደ እኛ ወደ ታጋቾቹ ሚስቶች ሊመጡ ቃል ገብተው ነበር። ሲዘገዩ ልቀበላቸው ወጣሁ። አሁን ጓድ ቡልቻ ከቀትር በኋላ ጦር ይገባል ይላል። ጦር ከገባ ባሌ የሚመለሰው በሣጥን ነው።»

ጓድ ቡልቻ ከወለጋ ተመድቦ የመጣ ካድሬ ነው። ገብረወልድ ጣቢያው ውስጥ አገኘው።

«ሰርጎ ገቦቹ ናቸው ያስገደሉት» አለ ቡልቻ። «ሽማግሌውን ስላላመንኩ ከአስተርጓሚያችን ከዋበሪ ጋር በሌላ ክፍል ስልክ አዳምጫለሁ። ሲዝቱባቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ‹ዋ! ዋ!› ይላሉ ደጋግመው። ለዚህ አስተርጓሚም አያስፈልግ።»

«‹ዋ› ብቻ?»

«‹ዋ ያሃይ›፣ እንዲህ ያለ ነገር። ዋበሪ ‹አንተንም ሰዎቹንም እንጨርሳለን አሉ› ብሎ ተረጎመልኝ። ስማ መቶ አለቃ፣ መንግሥት ከወንበዴ ጋር አይደራደርም። ዛሬ እጁን ከሰጠ ነገ ባቡሩን ሙሉውን ይወስዱበታል።»

«እሱስ እውነትነት አለው። ግን አራቱ ሰዎች የማን ናቸው?»



የሚሊሻው አስተርጓሚ ዋበሪ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ታናሽ ወንድሙን አምና እነዚሁ ታጣቂዎች ሐዲድ ላይ በቀበሩት ፈንጂ አጥቷል።

«ስልኩ ካለቀ በኋላ የት ሄድክ?»

«ዳቦ ልገዛ፣ በደቻቱ ድልድይ በኩል።»

«ዳቦውስ?»

«አልቆ ነበር።»

«ሐጂን ታውቃቸዋለህ?»

«ቁርአን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» አለና አንገቱን ደፋ።

ገብረወልድ ሁሉንም በመንገደኞች ማረፊያው ሰበሰባቸው። የሟቹ ልጅ ሐዎም መጣች።

«ሬሳው ታጥቧል» አለች። «ማን እንደገደለው ሳላውቅ ግን አይቀበርም።»

«ቅጥረኛ ወግቶ ይሮጣል» ሲል ጀመረ ገብረወልድ። «ይኼኛው አልሮጠም። ዓይናቸውን ከደነ፣ ፊታቸውን ወደ ቂብላ አዞረ፣ በፎጣቸው ሸፈናቸው። ሐጂን የሚያከብር እስላም ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ግን ድርድሩን የጠሉትን እርስዎን ነው፣ ጓድ ቡልቻ።»

ቡልቻ ብድግ አለ።

«ይቀመጡ። ‹ዋ› አዳነችዎት። በአማርኛ ዋ ዛቻ ነው። በሶማልኛ ‹ዋ ያሃይ› እሺ ማለት ነው። መጋላ ገበያ የዋለ የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። ታጣቂዎቹ እሺ ነው ያሉት። እርስዎ ግን እምቢ ያሉ መስሎዎታል፤ ጦሩን ለማስገባት ምክንያት በእጅዎ ነበር፣ ሽማግሌውን ለምን ይገድላሉ? እሺ ማለታቸውን አውቆ ዛቻ አድርጎ የተረጎመው ሰው ግን ሌላ ነው። ሐጂ ትርንጎ ቤት ከደረሱ ውሸቱ ይገለጣል። ስለዚህ አሸዋው ላይ ቀደማቸው።»

ሁሉም ወደ ዋበሪ ዞሩ። ሐዎ ፊቱ ሄዳ ቆመች።

«አባቴ ምን አለህ?»

«‹ጦሩ ከሐዲዱ ከራቀ ሰዎቹን ለቀው ወደ ድንበር ይሄዳሉ፤ ከእኔ ቤት ሰው ያለ ወታደር ሄዶ ይረከባቸው ብለዋል› አሉኝ። የወንድሜ ደምስ ማንን ይጠይቃል ብዬ ለመንኳቸው። ገዳዮቹን በነፃ እንዳይለቋቸው ለመንኳቸው፣ ሐዎ። ‹ልጄ፣ ሕያዋን ይቅደሙ› ብለው ሊያልፉኝ ተራመዱ።» ጩቤውን ከወገቡ አውጥቶ አግዳሚው ላይ አኖረው።

ሁለት ሚሊሻዎች ወሰዱት።

«ጥሩ ሠርተሃል» አለ ቡልቻ። «ጦሩ ግን ይገባል። ትእዛዝ ነው።»

«ትእዛዙ የቆመው በውሸት ትርጉም ላይ ነው። አሁን እርስዎም ያውቁታል። ሰዎቹ ከሞቱ ያንን ለበላይ የምናገረው እኔ ነኝ።»

«ማዕረግህን አስበህበታል?»

«ማዕረጌን ከነቆቡ ይውሰዱት። አራት ሰው ግን መልሰው አይሰጡኝም።»

«ከቤታችን የሚሄደው ሰው እኔ ነኝ» አለች ሐዎ።

«በማን ፈቃድ?»

«ፈቃድ መቼ ጠየቅሁህ?»

ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «እኔም አለሁ። አንተ ደግሞ ከመንገድ ዞር በል።»

«አንተ ትይኛለሽ?»

«ድሬ ላይ አንቱ የምንለው ሐጂን ነበር።»

ሐዲድ ላይ የሚገፋውን የጥገና ጋሪ ሁለቱ ሴቶች እየገፉ ወጡ። ቡልቻ ሚሊሻዎቹን አያቸው፤ ጠመንጃ ያነሳ አልነበረም። ሴቶቹ ሐዲዱ ላይ ሳሉ ጦሩን ግባ የሚል አፍ አልተገኘም፣ የቡልቻም ጭምር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋሪው ተመለሰ። አራቱ ሰዎች ከንፈራቸው ደርቆ፣ ጺማቸው አድጎ በላዩ ተቀምጠዋል። ሐዎ ቀድማ ወረደች።

«አሁን አባቴ ይቀበር። ቃሬዛውን የሚይዙት እነዚህ ናቸው።»

ቡልቻ በሩ ላይ ቆሟል። «ሕዝብ መሰብሰብ ክልክል ነው።»

«እሰረን እንግዲህ» አለ የትርንጎ ባል። «እኔስ መታሰር ለምጃለሁ።»

አራቱ ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አኖሩ፤ ከፊሉ ሙስሊም፣ ከፊሉ ክርስቲያን። የመጋላ ሰፈር ሰው ተከትሏቸው ወጣ፣ የከዚራ ሰፈርም ተጨመረ። ቡልቻ ለቃሬዛው መንገድ ለቀቀ።