ቀዩ ሽቦ በጥቁሩ ቦታ

ኮቶኤ የአጎቷን መኪና ስትረከብ ጠባይዋንም አብራ ተረከበች። ቤሌት የምትባለው ሰማያዊ የድሮ መኪና ኮቶኤ ከመወለዷ ሃያ ዓመት ቀድማ የተሠራች ናት፤ ከዘነበ አትነሳም፣ ከበረደም አትነሳም። አንድ የኅዳር ጠዋት ኮቶኤን ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ስታደርሳት ኩራዮሺ ከተማ መሃል ቀጥ አለች። የቆመችውም የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪው የዩሳኩ ጋራዥ በር ላይ ነበር።

ዩሳኩ ዣንጥላ ይዞ ወጣ። ዣንጥላውን ለእሷ ሰጥቶ፣ እሱ እየበሰበሰ ኮፈኑን ከፈተ።

«ፑንቲናዋ ናት» አላት አንዲት ትንሽ ብረት እያሳየ። «ይቺ ስትከፈት ስትዘጋ ነው ካንዴላው እሳት የሚያገኘው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትከፈት ስትዘጋ ኖራ ደክሟታል።»

«የመድኃኒት ቤቱ በርና እሷ አንድ ናቸው በሉኛ» አለች ኮቶኤ።

ሳቀ። ሲስቅ ዝናቡ ከቅንድቡ ላይ ተንጠባጠበ። ኮቶኤ ዣንጥላውን ወደ እሱ አስጠጋች።

ዩሳኩ ፑንቲናን የሚተካ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ በእጁ ይሠራ ነበር፤ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ፣ በሙጫ የታሸገች፣ ሁለት ሽቦ ያላት። ለእሷም ሊሠራላት ቃል ገባ። እስኪጨርስ ድረስ በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ መድኃኒት ቤቷ መጣ። በሦስተኛው ፋሻ ጠየቀ።

«የቱ ጋ ነው የቆሰሉት?» አለችው።

«ገና ነኝ» አለ፣ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ።

ዕቃውን ልግጠምልዎት ሲላት ግን እምቢ አለች። እሁድ ጠዋት ባሕሩ ዳር ባለው ሜዳ የድሮ መኪና ወዳጆች ይሰበሰባሉ፤ ከመካከላቸው አቶ ጎዳ የሚባሉ አፈኛ ነበሩ። «አጎትሽ መኪናዋን ለሙዚየም ቢሰጧት ይሻል ነበር፤ አንቺ ቤንዚን ከመሙላት ሌላ ምን ታውቂያለሽ?» ብለዋት ነበር።

«ራሴ እገጥመዋለሁ» አለች። «እነሱ እያዩኝ።»

ዩሳኩ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ሰጣት፦ ቀዩ ሽቦ እሳቱን በሚያመነጨው ቦቢና ፕላስ ላይ፣ ጥቁሩ ማይነስ ላይ፤ ከተገለባበጡ ቁልፉን ባዞሩበት ቅጽበት ይቃጠላል።

እሁድ ሰዉ ከበባት። «ካቻቢቴ በየት በኩል እንደሚያዝ ነግረውሻል?» አሉ አቶ ጎዳ። ሁሉም ሳቀ። ወረቀቱን ሳታወጣ ቸኮለች። ገጠመች፣ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ዝም አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

አቶ ጎዳ «ኑ እዩ!» እያሉ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። ኮቶኤ አጎንብሳ አየች፤ ቀዩ ሽቦ ጥቁሩ ቦታ ተቀምጧል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ማንም ሳያይ ሁለቱንም ሽቦዎች ነቀለቻቸው።

ሊያያት የመጣው ዩሳኩ እየሮጠ ደረሰ። «ምን ሆነ?»

«ዕቃው ነው» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «የሰጡኝ ዕቃ ብልሹ ነበር። እኔ እንዳሉኝ ነው የገጠምኩት።»

ዩሳኩ ለአፍታ አያት። ሽቦዎቹን አላየም። ከዚያ ከወገቡ ጎንበስ አለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። በሰው ፊት አሳፈርኩዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ኮቶኤ ማጅራቱን እያየች ቆመች።

ከአሥር ቀን በኋላ ወይዘሮ ሳኖ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጡ። ባላቸው ሲሞቱ ትተውላቸው የሄዱት አሮጌ መኪና አላቸው።

«ያ ምስኪን ዩሳኩ ትናንት መጥቶ የገጠመልኝን ዕቃ ነቅሎ ወሰደው» አሉ። «ዘጠኝ ሰው ቤት ዞሮ እየሰበሰበ ነው አሉ። ደህና ይሠራል እኮ ስለው፣ ‹እጄን ማመን አቅቶኛል› አለኝ። ልጄ፣ ምነው ፊትሽ ደም መሰለ?»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጋራዡ ሄደች። ዘጠኙ ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

«ችግራቸው ታወቀ?» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

«ሙጫው ውስጥ ያለውን ማየት አልችልም። አንዱ ከከዳኝ ሌሎቹን እንዴት ልመን? ሰው ተራራ መንገድ ላይ ቢቆምስ?»

«ቀዩን ጥቁሩ ቦታ ነው የገጠምኩት» አለች ባንድ ትንፋሽ። «አይቼዋለሁ። እርስዎ ሳይደርሱ ነቀልኩት።»

ዩሳኩ የያዘውን መሣሪያ አስቀመጠ።

«ሽቦ መሳሳት ምንም አይደል። እኔም ስማር አራት አቃጥያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ጎንበስ ስል ግን ቆመው እያዩኝ ነበር።»

«እያየሁ ነበር።»

«በሉ ይሂዱ።»

«ዘጠኙም ቤት አብሬዎት እሄዳለሁ። እርስዎ ዕቃውን ይመልሱ፤ እኔ በአፌ እናገራለሁ።»

መሣሪያውን መልሶ አነሳ። በሩ ላይ ስትደርስ ግን፣ «የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በሦስት ሰዓት» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጣት።

ከቅዳሜው በፊት በነበረው እሁድ ባሕሩ ዳር ሄዳ ሰዉ ፊት ቆመች። «ዕቃው ደህና ነበር። የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ዋሽቼም ሰው አሳፈርኩ።» አቶ ጎዳ ሊያሾፉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ወደ መኪናቸው ዞረው ኮፈኑን መወልወል ያዙ።

ሦስት ቅዳሜ ዞሩ። የመጀመሪያው ሰውዬ የናሺ ፍሬ ገበሬ ነበር፤ በሩ ላይ አቁሞ ሰማትና «መድኃኒቱንም እንዲህ ነው የምትመዝኚው?» አላት። ኮቶኤ ከወገቧ ጎንበስ አለች። ወደ መኪናው ሲመለሱ ዩሳኩ ቀድሟት ሄደ። በአራተኛው ቤት ለምሳ የያዘውን የሩዝ ድቡልቡል ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ሰጣት። ወደ ሰባተኛው ሲሄዱ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ተናገረ።

«ያን ቀን ሽቦዎቹን ያላየሁት ለምን ይመስልዎታል?»

«አምነውኝ።»

«ፈርቼ። ተገልብጦ እንደሆነስ የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። እርስዎን ከምጠረጥር የራሴን እጅ መጠርጠር ቀለለኝ። ዘጠኝ ቤት ያዞረኝ የእርስዎ ውሸት ብቻ አይደለም።»

ኮቶኤ መስኮቱን እያየች አለቀሰች። እሱም እንዳላየ ሆኖ ነዳ።

ዘጠነኛዋ ወይዘሮ ሳኖ ነበሩ። እውነቱን ሲሰሙ ኮቶኤን ረዘም አድርገው አዩዋትና «ለካ ያን ቀን ደም የመሰልሽው!» አሉ። መኪናቸው ቁልፉ አንዴ ሲዞር ተነሳች።

ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ ዩሳኩ ዳር ይዞ ቆመ።

«ቤቶቹ አለቁ» አለች ኮቶኤ።

«አዎ። ነገ እሁድ ነው።» እጁ መሪው ላይ ነበር። «የት ልውሰድሽ?»

አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነበር። ኮቶኤ አቀረቀረች።

«ማንም ወደማያውቀኝ ቦታ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ጉዴን አውቀኸዋል» አለች፤ ከዋሸችበት እሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው።