የከሰዓቱ ፈረቃ

ክሊኒኩ አንድ የሕክምና ወንበር፣ ሁለት የጥርስ ሐኪሞች፣ ሁለት ነርሶችና አንዲት አስተባባሪ ነበረው። ሐኪሞቹ በየወሩ ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት። አስተባባሪዋ ግን ሁልጊዜ ጠዋት ናት። ፈረቃ ትደለድላለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች፣ የነገ ታካሚዎችን እየደወለች ታስታውሳለች፣ ጥርሱን አሞት የሚጮህባትን ሁሉ ታባብላለች። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ለትልቋ ነርስ አስረክባ ስትወጣ ድምፅዋ ይጎረንናል። ገና ሠላሳ ሳይሞላት ሠራተኞቹ «እትዬ ቀጠሮ» ይሏታል።

ወጣቱ ሐኪም የተቀጠረ ሰሞን ጠዋት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የመሰርሰሪያውን ድምፅ ሰምተው አልገባም አሉ። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ወጣና አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«አባባ፣ እኔም እኮ ፈርቻለሁ።»

«አንተ ደግሞ ምን ያስፈራሃል?»

«እንዳይነክሱኝ ነዋ!»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ፤ የሚነክሱበት ጥርስ እንኳ ብዙም አልቀራቸውም። አስተባባሪዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ታየው ነበር። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። በስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት «ሄሎ? የት ጠፋሽ?» ትላለች።

በቀጣዩ ወር ከሰዓት መደበችው። በሚቀጥለውም ከሰዓት። ከዚያም በኋላ። ጠዋት ብታደርገው ለራሷ ያዳላች መሰላት።

ከሰዓት ከባዱ ፈረቃ ነው፤ ጠዋት ተራ ያልደረሰው ሁሉ ተጠራቅሞ የሚጠብቀው ያን ጊዜ ነው። እሱ ግን አላጉረመረመም። እሷ ስትወጣ እሱ ከፈረቃው ቀድሞ ሲገባ በር ላይ ይተላለፋሉ።

«ደህና ዋልሽ?»

«ደህና። ዛሬም ብዙ ሰው አለ።»

ይህችኑ ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ትልቋ ነርስ አላስቻላትም። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ልጅ ምን በደለሽ? ዓይኑ ሥር ጠቁሮ አታዪም?»

«እኔ ለማንም አላዳላም፣ ሲስተር።»

«ማን አዳላሽ አለ? ጨከንሽ ነው የምልሽ!»

በሳምንቱ ሐኪሙ ከወትሮውም ቀደም ብሎ መጣ። የያዘውን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ልዛወር ነው። ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«ለምን?»

«ደከመኝ። የሥራውንስ ድካም እንቅልፍ ይመልሰዋል። የሚጠላኝ ሰው ፊት በየቀኑ ማለፍ ነው ያቃተኝ።»

ስልኩ ጮኸ። አላነሳችውም። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

«ጠዋት ብመድብህ ሥራዬን መሥራት አልችልም» አለች በመጨረሻ፣ ጠረጴዛውን እያየች። «ዓይኔ አንተ ላይ ይቀራል። ደግሞ ሰው ለራሷ ብላ ነው ይላል። እንዳላዳላ ብዬ በደልኩህ።»

ሐኪሙ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እኔ ሁልጊዜ ቀደም ብዬ የምመጣው ለምን ይመስልሻል? ሥራ ወድጄ?»

ሁለቱም ሳቁ፤ የደከመው ሰው ሳቅ፣ ድምፅ የሌለው።

«በቃ፣ ልቅደደው» አለ ወረቀቱን እያነሳ።

«ተው። ልፈርም።»

ፊቱ ተለወጠ።

«እዚህ ከቆየህ ወይ እበድልሃለሁ ወይ አዳላልሃለሁ» አለች። «እዚያ ሌላ ሰው ይደልድልህ። ጠዋት እንዲያደርጉህ ግን ራሴ እደውላለሁ።»

«ይሄስ ማዳላት አይደለም?»

«ነው» አለችና ፈረመች።

ምትክ ሐኪም እስኪገኝ የከሰዓቱ ፈረቃ ተዘጋ። አስተባባሪዋ ለታካሚዎቹ አንድ በአንድ እየደወለች ቀጠሮ አራዘመች፤ ግማሾቹ ተቆጧት፣ ጥቂቶቹም ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጉባት። ሁለቱ ቅርንጫፎች ያሉት በአንድ መንገድ ላይ ነው። አሁን እሷም እሱም ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ይወጣሉ፤ የሚገናኙት የመንገዱ እኩሌታ ላይ ነው።