የተሰማ እንጂ ያልታየ ወፍ

«ሰማሁ ስል ሰማሁ ነው!»

«መስማትማ ማን ከለከለሽ የኔ እህት? ማየት ነው ያቃተን። አራቴ ጫካ ሄድሽ፣ አራቴ ‹ሰማሁት› ብለሽ መጣሽ። አስተማሪው ሁሉ ሻይ ክበብ ቁጭ ብሎ ‹ሰማሁ ባይዋ መጣች› ይልሻል። ዛሬ ራሴ አብሬ እሄዳለሁ። ወፉ ካልታየ የተፈጥሮ ክበብ የሚባል ነገር ከነገ ጀምሮ የለም። አለቀ!»

ዳይሬክተሩና የሳይንስ መምህርቷ እንዲህ የሚጨቃጨቁት የተማሪዎቹ አውቶብስ በር ላይ ነበር። ሾፌሩ መሪውን ጨብጦ አንገቱን ቀበረ። ሰው ሁሉ «ፍሬን» ነው የሚለው። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ፍሬን ረግጦ ልጆቹን ከወንበር ያስፈነጥራላ! መምህርቷ ገብታ ከኋላው ተቀመጠች። በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ ሲያያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጉዱን የሚያውቀው ፍሬን ብቻ ነው። ያ አራቴ የተሰማው ወፍ እሱ ራሱ ነበር።

ነገሩ በቀልድ ነው የተጀመረው። ደረቱ ፍም የመሰለ፣ ጭራው ረጅም፣ የሞቃት ጫካ ወፍ አለ፤ እዚያ አካባቢ በስንት ዘመን አንዴ ብቅ ቢል ነው። መምህርቷ ድምፁን ከስልኳ እየከፈተች መንገዱን ሙሉ ልጆቹን ታስጠናለች። ልጆቹ አልያዙትም፤ ፍሬን ያዘው። ትምህርትማ ድሮም ከሱ ጋር አልተስማማም፤ ተንኮል ሲሆን ግን ከክፍሉ አንደኛ ነው። ጫካው ሲደርሱ «ጎማ ልይ» ብሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባና በፉጨት ለቀቀው። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር።

ሳቁን አፍኖ ብቅ ሲል መምህርቷ ሮጣ እጅጌውን ያዘችው።

«ሰማኸው? አንተ፣ ሰማኸው?»

ፊቷ ቦግ ብሏል። ፍሬን ሳቁን ረሳው።

እንዲህ ደስ ብሎት እጅጌውን የያዘው ሰው አያውቅም። ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ ነው ያለው። ማታ ሲገባ «እንዴት ዋልክ?» የሚለው ግድግዳውን ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ኩሩ ነው፣ አይመልስም። ታላቅ እህቱ በስልክ «አንተ ልጅ፣ አሁንም ሰው የለህም?» ስትለው «ሞልቶ!» ይላታል። ሞልቶ የሚለው የአውቶብሱን ወንበር ነው።

ከዚያ ወዲያ በሄዱ ቁጥር ጎማ ማየት ልማድ ሆነበት፤ ያቺን እጅ ፍለጋ። የሱ ደስታ እሷን መሳቂያ እንደሚያደርጋት በየት በኩል ያስበው?

ጫካው ደረሱ። ዳይሬክተሩ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆመ።

«እሺ፣ የታለ?»

ልጆቹ ወደ ዛፎቹ አንጋጠጡ። መምህርቷ ዓይኗ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲንከራተት ፍሬንን አላስችል አለው። ቢያንስ ሰውዬው በጆሮው ይስማና ውሸታም አይበላት ብሎ ጎማ ሊያይ ሄደ። ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቶ አፏጨ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር።

ከላይ መልስ መጣ።

ፍሬን ክው አለ። ደግሞ አፏጨ፤ ደግሞ መለሰለት። ቀና ሲል ደረቱ ፍም የመሰለው ወፍ ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ አንገቱን ወዲያ ወዲህ እያለ የጠራውን ይፈልጋል። ወይ ጣጣ! ይሄም ምስኪን ሰው የለውም።

ሰዎቹን ቢጣራ ወፉ ይበራል። ዝም ቢል ማንም አያየውም። እያፏጨ ቢወጣ ይከተለው ይሆናል፤ ያኔ ግን አራቱም ውሸት አብሮት ይወጣል። ያቺም እጅ ሁለተኛ እጅጌውን አትነካም።

እያፏጨ፣ የኋሊት እየተራመደ ወጣ።

ወፉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ ተከተለው። ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። መምህርቷ መጀመሪያ ወፉን አየች፤ ቀጥላ የፍሬንን የሾለ ከንፈር አየች፤ ዓይኗም እዚያው ቀረ። ወፉም የጠራው ወፍ አለመሆኑ ገባው መሰለኝ፣ አንዴ ጮኾ ጭራውን እየጎተተ ሄደ። የመለሰለት የለም።

ሲመለሱ ዳይሬክተሩ ኋላ ወንበር ላይ «በዓይኔ በብረቱ አየሁት!» እያለ ልጆቹን ያደነቁራል። እሷ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣለች።

«አራቱም አንተ ነህ?» አለች በመጨረሻ።

«አራቱም እኔ ነኝ ቲቸር።»

«ለምን?»

«የመጀመሪያው ለሳቅ ነው። ሌላው…» ማርሽ ቀየረ፤ ማርሹ ምንም አልጠየቀውም ነበር። «ሌላው እጅጌዬን እንድትይዢኝ ነው።»

መስታወቱን ማየት ፈራ።

«እንደሚስቁብሽ አላወቅኩም፤ እውነቴን ነው። ነገ ሌላ ሾፌር ይመድቡልሽ። እኔ ወደ ድሮ ሥራዬ፣ ወደ ጭነት መኪና እመለሳለሁ። ጭነት አይቀየምም።»

 አንድ መታጠፊያ አለፉ፤ ሌላም አለፉ። ወፉ ትዝ አለው፤ እንዲህ ነው ለካ ጠርቶ መላሽ ማጣት። ሐሳብ ይዞት ሲሄድ አንድ ጉድጓድ ሊደርስበት ሲል አየ። ፍሬኑን ረገጠ። ልጆቹ ተንጫጩ፤ እሷም ወደፊት ተወርውራ እጅጌውን ጨመደደች።

አውቶብሱ ተስተካክሎ መሄድ ጀመረ። እጅዋ ግን አልተነሳም።

«ስማ» አለችው። «ከዛሬ ወዲያ ጫካ ለጫካ አትንከራተት። እኛ ቤት በር ላይ መጥተህ አፏጭ። እናቴ ግን ድንጋይ ትወረውራለች።»