የአማት ምስክርነት

ስህተቱ ሱሪው ላይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ያየችው ግን ሰውየው የጦሩ የሕክምና ቦርድ ፊት ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ራሷ ነበረች የተኮሰችው። የካውያው መስመር ከጉልበቱ ወደ ታች እንደ ቢላዋ ስለት ቆሟል። ኮሌታው ነጭ፣ ፂሙ የተላጨ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። የቦርዱ ሐኪም ከጫማው ጀምሮ ሽቅብ አየው፤ ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። ያን ጊዜ ነው የገባት። የታመመ ሰው ይዛ መምጣት ሲገባት ሙሽራ ይዛ መጥታለች።

ውሳኔው የፈራችውን ይዞ መጣ። «ንጽሕናውን ይጠብቃል፤ አለባበሱ የተስተካከለ ነው፤ ለሚጠየቀው በአግባቡ ይመልሳል። በውትድርና አገልግሎቱ የደረሰበት የአእምሮ ጉዳት አልተገኘም።»

«አሳምረሽ ገደልሽኝ» አላት።

ሰው ፊት ሲቀርብ እንዲከበርላት ብላ ነበር።

ሰፈሩ «ሬዲዮኛው» ይለዋል፤ በጦርነቱ ጊዜ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። መጀመሪያ ሱቋ የገባው የወታደር ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ነው።

«ቀይሪልኝ» አላት።

«ምን ላድርገው?»

«የማንንም ልብስ ይምሰል። የእኔን ብቻ አይምሰል።»

ልኩን ልትወስድ ሜትሩን ወደ አንገቱ ስታስጠጋ ዓይኑን ጨፈነ። ትንፋሹ ቆመ። እጇን መለስ አደረገችና «ከፈለግህ በዓይኔ እለካሃለሁ» አለችው። ዓይኑን ገልጦ አያት፤ እሷም አየችው። የልብስ ስፌት መኪናዋ እንኳ ዝም ያለ መሰላት።

ካፖርቱ ካለቀም በኋላ መመላለሱን አልተወም። ዛሬ እጅጌው ጠበበኝ፣ ነገ ቁልፉ ወለቀ። ቁልፉን ራሱ እየበጠሰ እንደሚያመጣው ታውቃለች። ምንም ሳትል ትተክልለታለች፤ እሱም ምንም ሳይል ሲመሽ ይሄዳል።

ስለ ጋብቻ ያነሳችው እሷ ናት። ፊቱ ጠቆረ።

«ሳልታከም አላገባሽም። አንድ ሌሊት ስነቃ ጠላት መስለሽ ብትታዪኝስ?»

የጦሩ ሆስፒታል ደግሞ ቦርዱ «ጉዳተኛ ነው» ያላለውን አያክምም። የግል ሐኪም አቅማቸው አልነበረም። እንግዲህ የቀራቸው ይግባኙ ብቻ ነው፤ እሱም ካልሆነ ከተማውን ለቆ እንደሚሄድ ነግሯታል። ሰውየው ያለውን የሚያደርግ ነው።

እናቷ ይህን ስትሰማ እልል ለማለት ምንም አልቀራትም።

«ተመስገን! ይሂድልን። ያንን እብድ ልታገቢ ኖሯል?»

«ቦርዱ እብድ አይደለም ብሏል እኮ፣ እማዬ።»

«ቦርዱ ምሳ ጋብዞት ያውቃል?»

እናቷ አንድ ቀን ምሳ ጋብዛው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃፏን እንዳይረግጥ ከልክላዋለች።

«ይግባኙ መቼ ነው?» አለች እናት።

«ምን ያደርግልሻል?»

«እኔም አፍ አለኝ።»

ልጅቷ ቀኑን ባትነግራት በወደደች። ግን እናቷ ካልነገሯት ጎረቤቱን ሁሉ እየጠየቀች የምታዳርስ ሴት ናት። ነገረቻት።

በቀጠሮው ዋዜማ ከሬዲዮኛው ጋር ተጣሉ። ልትመሰክርለት እንደሆነ ስትነግረው ከመቀመጫው ተነሳ።

«ገመናዬን ሰው ፊት ልትዘረግፊው?»

«ታዲያ ማን ይናገርልህ? አብረውህ የነበሩት…» አለችና አቋረጠች። አብረውት የነበሩት የሉም።

«ጨርሺዋ» አላት። አልጨረሰችም። በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ጠዋት ግን መጣ። ሸሚዙ እንደተጨማደደ፣ ፂሙ እንዳደገ። አልተሳሳሙም፤ ጎን ለጎን ብቻ ሄዱ።

የይግባኝ ሰሚው ክፍል ጠባብ ነው፤ ወንበሮቹ ይንቋቋሉ። ሰብሳቢው ገና ስትቆም ነው ያጣደፋት።

«ሊያገባሽ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው የሚሰጠው ጡረታ አንቺም ጓዳ ይገባል። የተጠቃሚ ምስክርነት ምን ይረባናል? ተቀመጪ።»

«እኔ እኮ እንዲታከም…»

«ተቀመጪ ተብለሻል!»

ተቀመጠች። ሬዲዮኛው መሬት መሬቱን ያያል። ሁሉም ያለቀ መሰላት።

ከኋላ አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ።

«እኔስ አልጠቀምም!» አለ የምታውቀው ድምፅ።

እናቷ የክት ልብሷን ለብሳ ቆማለች። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት አትጠላም ነበር።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለ ሰብሳቢው።

«የዚህች ሞኝ እናት። ይህን ሰውዬ ከልጄ ላይ እንድታነሱልኝ ነው የመጣሁት። ጤነኛ ነው ያላችሁት እናንተ ናችሁ? ዓይናችሁን የት ጥላችሁት ነው?»

«እናቴ፣ በሥርዓት…»

«የምን ሥርዓት! ምሳ አቅርቤለት ትሪ ከእጄ አመለጠኝ። ትሪ! ያ ብቻ ነው። እኔንም ልጄንም አፈፍ አድርጎ ጠረጴዛ ሥር ከተተንና ከላያችን ተኛብን። የሌለ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ይዞ ስም ይጠራል። ይጠራል፣ ያዳምጣል፤ መልስ ሲያጣ እንደገና ይጠራል። ሰዎቹ ከሞቱ ቆይተዋል አሉ። እዚያው ሥር ሆነን መሸብን።»

ሐኪሙ ብዕሩን አነሳ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው?»

«አከራዩን ጠይቁ! ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር ነው። ግድግዳ እየደበደቡ ነው ዝም የሚያሰኙት።»

«ጎዳዎት?»

«ማንን? እኔን?» እናቲቱ ራሷን በእጇ ዳሰሰች። «ጭንቅላቴን… በመዳፉ ሸፍኖት ነበር። የተሰበረው ብርጭቆ የገባው እሱ እጅ ላይ ነው።»

ሬዲዮኛው ቀና ብሎ አያት። እናቲቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ቁጭ አለች።

ኮሪደሩ ላይ ልጇን ቆማ አልጠበቀቻትም። «ልረዳው ብዬ አይደለም የመጣሁት» ብቻ አለችና ቀድማ ሄደች።

ይግባኙ ተቀባይነት አገኘ። ጉዳቱ ታወቀለት፤ የሆስፒታል ወረቀትም ተሰጠው። ሬዲዮኛው ግን ደስታውን እንደ ሐዘን ነው የተቀበለው።

«አሁን ማኅተም ያለኝ እብድ ነኝ» አላት ከሱቋ ደፍ ላይ ቆሞ። «ልቀቂኝ።»

«ማኅተም ሳይኖርህ ነው የወደድኩህ» አለችው። «አሁንማ ሕጋዊ ሆነሃል።»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሳቀ፤ ስቆ አያውቅምና ሳቁ እንደ ሳል ነበር። እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ።

ሕክምናው ቀላል አልሆነም። ከሆስፒታል ተመልሶ ማንንም የማያናግርበት ቀን ነበር፤ እሷንም «ተይኝ!» ብሎ የሚጮህባት ቀን ነበር። የምታክመው ሐኪም «ይሻለዋል፤ ጨርሶ ይለቀዋል ግን አልላችሁም» አለቻቸው። እሱም ይህንኑ ሰምቶ «ከነሕመሜ ታገቢኛለሽ?» አላት። በማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ውል ተፈራረሙ። እናቷ አልመጣችም።

በዚያው ቀን ሲመሻሽ ልብሷን ልትወስድ እናቷ ቤት ሄደች። እሱ ደጅ ቀረ። እናቷ ሻንጣውን አየችው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቱ።»

«ያ ግድግዳ የሚደበድብ አከራይ ዘንድ? ሌሊት ሲጮህ ሁለታችሁንም መንገድ ላይ ሊጥላችሁ?»

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ እማዬ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ስታገቢ ጠየቅሽኝ?» ሻንጣውን ከእጇ ነጥቃ ወደ ጓዳ ወረወረችው። «መጮኹ ካልቀረ እዚህ ይጩህ። እኔ እንደሆንኩ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም። አንቺ እዚያ ሆነሽ እኔ እዚህ ሳስብ ከማድር፣ በጆሮዬ ሰምቼው ልደር።»

ልጅቷ ወደ በሩ አየች። ባሏ ደፉ ላይ ቆሟል፤ አንድ እግሩ ውጭ ነው።

«እትዬ፣ ላስቸግርዎት…» አለ።

«አስቸግረኸኛል፤ ምን ቀረህና! ግባ፣ ብርድ አታስገባብኝ!»

ገባ። እናቲቱ በትከሻዋ ገፋ አድርጋው አለፈችና በሩን ቆለፈችው። በሩን ሳብ አድርጋ፣ መቆለፉን አይታ፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተችው።