የድሬዳዋ ልብስ ሰሞን

«ወገቤ እስከዚህ ቋጠሮ ነው፤ ቁመቱ ደግሞ እስከ ጫፉ» አለች ጠጄ፣ ነጩን ክር አስካለማርያም መዳፍ ላይ እያስቀመጠች። «እንዳታምታቺብኝ። ቤልቦተም ሱሪ ነው የምፈልገው፤ የኋላ ኪሱ ላይ ማርካ ያለበት።»

አስካለማርያም ክሩን በወረቀት ጠቀለለችና የጠጄን ስም ጻፈችበት። የአሰለፈችና የዳሲቱ ክሮችም ከትናንት ጀምሮ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጠዋል። አሁኑኑ መናገር ነበረባት። ምላሷ ግን አልታዘዝ አላትና «እሺ» ብቻ አለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። አባቷ አቶ ወልደሚካኤል የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ሆነው ለዓመታት ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ተመላልሰዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ቤተሰቡ ከአዋሽ ተነቅሎ አቃቂ፣ ከጣቢያው አጠገብ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች አንዱ ውስጥ ሲገባ፣ አስካለማርያምን በክፍሏ ውስጥ የሚያውቃት አንድ ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት አባቷ ከድሬዳዋ ያመጡላትን ቀይ ሹራብ ለብሳ ለእንቁጣጣሽ ወጣች። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቀምጣት! ነሐሴ በገባ ቁጥር የክፍሏ ልጆች በአባቷ በኩል ከድሬዳዋ ልብስ ሊያስመጡ በሯን ያንኳኳሉ፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተደርድረው ይስቃሉ፤ ፀጉሯን ይሠሯታል። በዓሉ አልፎ ልብሱ ከተለበሰ በኋላ ግን ዝር የሚል የለም። እሷም ይህን አጥታው አይደለም። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን ከመሆን አንድ ወር እንኳን ሰው ማግኘት ይሻላል ብላ ተቀብላዋለች።

ልጆቹም አይፈረድባቸውም። አቃቂ ላይ የልብስ ሱቅ ከተባለ የካሳሁን ሱቅ ነው። ካሳሁን የሚሸጠው ሸሚዝ ሁሉ አንገቱ ላይ «ፓሪስ» የሚል ማርካ አለው፤ ልጆቹ ግን «ከሳሪስ አያልፍም» እያሉ ያሾፉበታል። ጳጉሜን ሲመጣ ዋጋውን ሰማይ ላይ ይሰቅለዋል። መስቀል ሲያልፍ «ታላቅ ቅናሽ» ብሎ በትልቁ ይጽፍና፣ መስኮቱ ላይ ከርሞ አንድ ትከሻው በፀሐይ የነጣውን ሁሉ ያወጣል። በዓል ካለፈ በኋላ ቅናሽ ምን ያደርጋል? ያንን ለብሶ የታየ ልጅ ደግሞ እስከ ገና ድረስ ፋራ ሲባል ይከርማል።

ዘንድሮ ታዲያ ነገር ተበላሸ። ሐምሌ መግቢያ ላይ አቶ ወልደሚካኤል ወገባቸውን ስላመማቸው ለገሃር፣ ዕቃ ክፍል ተመደቡ። ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሳሉ፤ ድሬዳዋ ቀረ። እናቷ ደስታዋን አልቻለችውም። አባቷም ራት ላይ «አሁን ገና እንደ ሰው ከቤተሰቤ ጋር ልበላ ነው» ብለው ሲያጎርሷት፣ አስካለማርያም ጎረሰችና ፈገግ አለች። ውስጧ ግን ቅዝቅዝ አለ። አባቷ ቤት ገቡ ብላ የምታዝን ልጅ ከእሷ ሌላ ያለች አልመሰላትም፤ በራሷ አፈረች። ሌላ ተቆጣጣሪ ለልጆቹ እንዲያመጣላቸው አባቷን ለምናቸውም ነበር። ለልጆቼ ብዬ እንጂ ለሰፈሩ ሁሉ ሰው አላስቸግርም ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ አባቷ ከባቡር ሲወርዱ እንዳያዩዋቸው፣ ልጆቹን ገና በጊዜ ትሸኛቸዋለች።

ጠጄ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ ወሬ ጨመረች። እናቷ ልብስ ሰፊው ያደታ ዘንድ ወስደው ሊያስለኳት ፈልገው ነበር፤ እሷ ግን «አስካለ አለችልኝ» ብላ እምቢ አለች። ያደታ ደግሞ ለበዓል የሚሰፋ የሚቀበለው እስከ ነሐሴ ሃያ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እግሩ ላይ ቢወድቁም አይሰማም። ቀኑ ነሐሴ አሥራ ስምንት ነበር።

ጠጄ ከሄደች በኋላ አስካለማርያም አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። እናቷ ፋብሪካ፣ ፈረቃዋ ላይ ነበረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዝም ካለች ልጆቹ እስከ ጳጉሜን ድረስ መመላለሳቸው ነው። ዋዜማው ላይ የልብሱ ሻንጣ ባቡር ላይ ጠፋ ትላለች፤ ማንም አይጣላትም፣ እንዲያውም ያዝኑላታል። ሦስቱ ግን ያደታ ካመለጣቸው ወዲያ የዓምናውን ልብስ ለብሰው ነው በዓሉን የሚውሉት። ብትናገር ደግሞ ከነገ ጀምሮ ይቀሩባታል። ያንን ስታስበው አለቀሰች።

በማግስቱ ሦስቱም አብረው መጡ። አሰለፈች ገና ከመቀመጧ ስለ ቀሚሷ ቀለም ማውራት ጀመረች። አስካለማርያም መሳቢያውን ከፍታ ሦስቱን ክሮች አልጋው ላይ አስቀመጠች።

«አባቴ ድሬዳዋ መሄድ አቁሟል» አለች። «አሁን ለገሃር ነው የሚሠራው። ከሐምሌ ጀምሮ።»



«ከሐምሌ?» አለች ጠጄ ቀስ ብላ። «ትናንት ክሬን ስትቀበዪኝ ታውቂ ነበር ማለት ነው?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ብነግራችሁ አትመጡም ብዬ ነው።»

አሰለፈች ክሯን አንስታ፣ ያደታ ዘንድ ዛሬውኑ ካልደረስን ጉዳችን ነው እያለች ወጣች። ዳሲቱ ቻው እንኳ ሳትል ተከተለቻት። ጠጄ የመጨረሻዋ ነበረች፤ በሩ ላይ ዞር ብላ አየቻትና ሄደች።

ያደታ ሦስቱንም እንደተቀበላቸው አስካለማርያም ከሰው ሰማች። እፎይ አለች፤ እፎይታው ግን ብቸኝነቷን አላቀለለላትም። አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም አልመጣም። በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ አንዴ ወተት የምታመጣው ሴትዮ ናት፣ አንዴ ደግሞ ቤት የተሳሳተ ሰው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ እንደ ልማዷ በሩን እያየች ተቀምጣ ሳለ፣ ጠጄ ዓምና ታይፎይድ ይዟት ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት መቅረቷ ትዝ አላት። ልጆቹ ተሰብስበው ሊጠይቋት ሲሄዱ አስካለማርያም አልሄደችም። ቤቷን አላውቀውም ብላ ነበር። እውነቷን ነው፣ አታውቀውም። በሦስት ዓመት ውስጥ የአንዳቸውንም ደጅ ረግጣ አታውቅም። ፊቷ ጋለ።

ተነስታ ጫማዋን አደረገች። ሐዲዱን ተሻግራ፣ ጭቃውን እየዘለለች፣ የጠጄን ቤት ለማግኘት ሁለት ሰው ጠየቀች። ቆርቆሮው በር ጋ ስትደርስ እጇን አነሳች፣ መልሳ አወረደችው። ወደ ቤቷ ልትመለስም ሁለት እርምጃ ሄዳ ነበር። ተመልሳ አንኳኳች።

የከፈቱት የጠጄ እናት ናቸው። ፊቷን ካዩ በኋላ እጇን አዩ።

«አንቺ የባቡሩ ሰውዬ ልጅ አይደለሽ? ልብሱ ቀረ ተብሎ አልነበር? አመጣሽው እንዴ?»

ከኋላቸው ጠጄ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች። አልሳቀችላትም፤ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ውስጥ አልገባችም።

«ምንም አላመጣሁም» አለች አስካለማርያም። «እንዲሁ ነው የመጣሁት።»